ቲዩብ ወይስ ዲጂታል? ለተማሪዎቻችን የትኛውን የጊታር አምፕ እንግዛ

(በቀድሞ ተማሪዎች ዓመታዊ መገናኛ ላይ፣ ባሕር ዳር፣ በአንዲት ሐኪም የቀረበ ንግግር። ለዓመት መጽሐፉ ሲዘጋጅ ጥቂት ቦታ ላይ ተስተካክሏል።)



ፕሮግራሙ ላይ ከስሜ ፊት «ዶክተር» የሚለውን ያያችሁ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ልትሰሙ ተዘጋጅታችሁ ይሆናል። ምሳችሁን በሰላም ብሉ፤ ዛሬ እሱን አላነሣም። የመጣሁት ስለ ጊታር አምፕ ልናገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማኅበራችን ለተማሪዎች የሙዚቃ ክበብ ዕቃ እንግዛ ብሎ ገንዘብ ማሰባሰብ ከጀመረ ወዲህ በቴሌግራም ግሩፓችን አንድ ክርክር ተነሥቷል። ግማሹ፣ በተለይ ውጭ አገር ያላችሁት፣ «እውነተኛ ቲዩብ አምፕ እንላክላቸው፤ ልጆቹ እውነተኛ ድምፅ ይስሙ» ትላላችሁ። ሌላው ግማሽ «ኧረ ዘመኑ የዲጂታል ነው፤ አንድ ሞዴለር ሁሉንም ይሠራል» ይላል። ገንዘቡ ደግሞ ለአንዱ እንጂ ለሁለቱ አይበቃም። ኮሚቴውም «አንቺ ጊታር ትጫወቻለሽ፣ ሐኪምም ነሽ፣ በይ አስታርቂ» አለኝ።

ለማስታረቅ ቃል አልገባሁም። ግን ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። መድኃኒቱ በምን መንገድ ይሠራል? ይህ በሽተኛ በእርግጥ ያስፈልገዋል ወይ? ጉዳቱስ ምንድን ነው? ሲያልቅ ከየት ይገኛል? በእነዚህ ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንሂድ።

ሁለቱ ዕቃዎች ምንድን ናቸው?

ጊታር ለማትጫወቱት በአጭሩ ላስረዳ። ከኤሌክትሪክ ጊታር የሚወጣው ምልክት በጣም ደካማ ነው። ስፒከር ለማንቀሳቀስ መጉላት አለበት፤ አምፕ የምንለው ይህን የሚሠራውን ነው።

ቲዩብ ማለት አምፖል የሚመስል፣ አየሩ የተመጠጠ የመስታወት ዕቃ ነው። ውስጡ ያለው ሽቦ ሲግል ኤሌክትሮኖች ይለቃል፤ መሐል ላይ የተቀመጠች ወንፊት መሰል ሽቦ ደግሞ የኤሌክትሮኖቹን መንገድ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። በወንፊቷ ላይ የምትደርሰው ትንሽ ምልክት ትልቁን ጅረት ታዛለች ማለት ነው። ይህን ባለ ሦስት አካል ቲዩብ አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት የሠራው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። በልጅነታችሁ ዘመድ ቤት ያያችሁት ትልቁ የእንጨት ሬዲዮ ሲከፈት ወዲያው አይናገርም ነበር፣ አይደል? መጀመሪያ ይሞቃል፣ ከዚያ ይናገራል። ምክንያቱ ቲዩቡ ነበር።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ትራንዚስተር ተሠራ። ትንሽ ነው፣ አይሞቅም፣ ርካሽ ነው። በሃያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ ቲዩብን ከሬዲዮም ከቴሌቪዥንም አስወጣው። ጊታር ተጫዋቾች ግን እምቢ አሉ። ለምን? ምክንያቱ ስሕተት ነው፤ ድምፅ የማበላሸት ስሕተት። አምፕ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የድምፁን ማዕበል አናቱን ይቆርጠዋል። ተራ የትራንዚስተር አምፕ ሲቆርጥ በመቀስ እንደተቆረጠ ነው፤ ድምፁ ይሻክራል፣ ጆሮ ይወጋል። ቲዩብ ግን ቀስ እያለ ያጎብጠዋል። በቀስታ ስትመቱት ጥርት ይላል፤ ጠንከር ስትሉ ይሻክራል፤ ጣታችሁ ላይ ያለውን ስሜት ይከተላል። በአንዳንዶቹ አምፖች ላይ ክሩን በኃይል ስትመቱት የውስጡ ቮልቴጅ ራሱ ለአፍታ ዝቅ ይልና መልሶ ይነሣል፤ ድምፁ የሚተነፍስ ይመስላል። ቲዩብ ወዳዶች «ሕይወት አለው» የሚሉት ይህንን ነው፤ ሐሰት አይደለም።

ሞዴለር ደግሞ ኮምፒውተር ነው። የጊታሩን ምልክት ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ አንድ የታወቀ አምፕ፣ ስፒከሩና ማይክራፎኑ ያን ምልክት ምን ያደርጉት እንደነበር አስልቶ መልሶ ወደ ድምፅ ይቀይረዋል። ላይን 6 የተባለው ኩባንያ ፖድ የሚለውን ዕቃውን እ.ኤ.አ. በ1998 ሲያወጣ ብዙ ሰው ስቆበታል፤ ድምፁ ከእውነተኛው ይለይ ነበርና። ከዚያ በኋላ ፍራክታል ኦዲዮ በ2006፣ የጀርመኑ ኬምፐር ደግሞ ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ መጡ። የኬምፐሩ ዕቃ እውነተኛ አምፕ ላይ ይገጠምና የተለያየ ድምፅ እየላከ ይመረምረዋል፤ ከዚያ የራሱን ቅጂ ይሠራል። እኔ ሳየው ሕመምተኛ የሚመረምር ነው የመሰለኝ። በ2019 ደግሞ ፌንደር ራሱ፣ የቲዩብ አምፕ አባት የሚባለው ኩባንያ፣ መልኩ እንደ ጥንቱ ትዊን ሪቨርብ የሆነ ውስጡ ግን ዲጂታል የሆነ አምፕ አወጣ። ባለ ቲዩቡ ወደ 29 ኪሎ ይመዝናል፤ ዲጂታሉ 15 ኪሎ ገደማ። ከፖሊ ግቢ እስከ ፔዳ ግቢ በባጃጅ አምፕ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የእኛ ሙዚቃ ምን ይፈልጋል?

እዚህ ላይ ነው ክርክራችን ከሰው አገር ክርክር መለየት ያለበት። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ጊታር ተጫዋቾች የሚከራከሩት በአብዛኛው ስለ ዲስቶርሽን ነው፤ ስለ ሮክና ብሉዝ። የእኛ ልጆች ዋነኛ ትምህርት ቤታቸው ሌላ ነው።

የኢቤክስን፣ የዋልያስን፣ የሮሃን ጊታር አስታውሱ። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከኢቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» አስታውሱ፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1986፣ የቤልጂየሙ ክራምድ ዲስክስ አሳትሞት አውሮፓን ያስደነቀውን ማለቴ ነው። የኢቤክስም የሮሃም ጊታር ተጫዋች የነበረው ሰላም ስዩም ሲጫወት የምትሰሙት ምንድን ነው? ጥርት ያለ፣ አጭር፣ ከከበሮው ጋር የሚነጋገር ምት ነው። ከዚያ በአንድ ክር ላይ በቅኝቱ ውስጥ የሚሮጥ ዜማ። አንዳንዴ ዋዋ ፔዳል፣ አንዳንዴ ትንሽ ሪቨርብ። ትዝታም ይሁን ባቲ፣ አምባሰልም ይሁን አንቺሆዬ፣ ጊታሩ ክራር ሲመስል ነው የሚጥመን።

ጥርት ያለ ድምፅ ደግሞ ለሞዴለር ቀላሉ ሥራ ነው። ሞዴለሮች ለረጅም ጊዜ ሲወቀሱ የኖሩት በግማሽ መንገድ ላይ ባለው ድምፅ ነው፤ ጥርት ከማለት ወደ መሻከር በሚሸጋገረው። ያም ቢሆን ባለፉት አሥር ዓመታት በጣም ጠብቧል። ስለዚህ የክበቡ ልጆች ከሚጫወቱት አብዛኛው ቲዩብ የሚበልጥበት ሜዳ ላይ አይደለም።

ግን ለቲዩብ ወገን ፍርድ እንዳላጓድል አንድ ነገር ልጨምር። «እኛ ኢትዮጵያውያን የሻከረ ድምፅ አንወድም» የሚል ሰው ካለ በገና አልሰማም ማለት ነው። በገና ላይ በእያንዳንዱ ክርና በድልድዩ መሐል ትንሽ ቆዳ ይገባል፤ እንዝራ ትባላለች። ሥራዋ ክሩን ማንዘርዘር ነው። አባቶቻችን ኤሌክትሪክ ሳይኖር ድምፅን ሆን ብለው አሻክረዋል! ማሲንቆም እንደዚሁ፤ አንዷ የፈረስ ጭራ ክር ጥርት ያለ ድምፅ ሰጥታ አታውቅም፤ ውበቷም እሱ ነው። የሻከረ የጊታር ድምፅ ብዙ ክር አንድ ላይ ሲመታ ይደባለቃል፤ በአንድ ክር ሲዜም ግን ወደ ማሲንቆ ይጠጋል። አንድ ተማሪ በዚህ መንገድ ቢሄድ ጥሩ አምፕ ያስፈልገዋል። እንደ ጃኖ ባንድ ሮክና ቅኝትን ማጋባት የሚፈልጉም ልጆች አሉ። እነሱን መርሳት የለብንም።

ሌላው ነገር አድማጩ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በሠርግም በሆቴልም ጊታሩ በሚክሰር አልፎ በትልቁ ስፒከር ነው የሚሰማው። እኛ ራሳችን እነዚያን ዘፈኖች የወደድናቸው በስንተኛ ቅጂ ካሴት ነበር? በካሴቱ ሽውታ ውስጥ የዘለቀው የተጫዋቹ ጣት ነው።

መብራትና ጢስ ዓባይ

አሁን ወደ አገራችን እውነት እንምጣ። ይህች ከተማ የኤሌክትሪክ ልጅ ናት። የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 በ11.4 ሜጋዋት ሥራ ጀመረ፤ ፖሊ ቴክኒኩ የተከፈተው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሁለተኛው ጢስ ዓባይ በ2001 መጣ፤ በ2010 ደግሞ 460 ሜጋዋቱ ጣና በለስ። ለመብራታችን ፏፏቴው ውኃውን ከፍሏል። ጎብኚ ይዘን ሄደን «ጢሱ የታለ?» ተብለን የምናፍረውም በዚህ ነው።

ውኃው ተከፍሎ እንኳ ሶኬቱ ላይ የሚደርሰው ቮልቴጅ ወጣ ገባ ነው። ይህ ለቲዩብ ምን ማለት ነው? አብዛኛው የቲዩብ ማሞቂያ ሽቦ የሚፈልገው 6.3 ቮልት ነው፤ የሚታገሠው ደግሞ አሥር በመቶ ገደማ ከፍና ዝቅ። የአምፑ ትራንስፎርመር ከሶኬቱ የሚያገኘውን በልኩ ያካፍላል እንጂ አያስተካክልም። 220 የነበረው ወደ 180 ቢወርድ ማሞቂያው 5.2 ቮልት ገደማ ያገኛል፤ ድምፁ ይደክማል፣ ቲዩቡም ይጎዳል። ወደ 250 ቢወጣ ማሞቂያው 7.2 ገደማ ይደርሳል፤ ውስጥ ያለው 450 ቮልት ደግሞ ከ510 ያልፋል። ሞዴለሮች ግን አብዛኞቹ የሚመጡት ከ100 እስከ 240 ቮልት በሚቀበል አስማሚ ነው። በዚያ መሐል ቢዋዥቅ አይሰማቸውም። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚመጣው ድንገተኛ ግፊት ግን ሁለቱንም ይገድላል፤ ስለዚህ የትኛውም ቢገዛ ስታቢላይዘር አብሮ ይገዛ።

አሜሪካ ላላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ በተለይ ይህን ልበል። እዚያ ሱቅ የሚሸጠው ቲዩብ አምፕ ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው። እዚህ በቀጥታ ከተሰካ በዚያው ቅጽበት ነው የሚቃጠለው። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል መጋዘን ውስጥ በመልካም ልብ የተላኩ፣ ለ110 ቮልት የተሠሩ፣ አንድ ቀን ተሰክተው የሞቱ መሣሪያዎች ተደርድረው አይቻለሁ። ሌሎቹ ደግሞ ደኅና ነበሩ፤ ግን የሚያስፈልጋቸው አንዲት ገመድ ወይም አንዲት ማጣሪያ እዚህ አትገኝም። ነርሶቹ መሣሪያውን «የስጦታ ሐውልት» ይሉት ነበር። ለተማሪዎቻችን የስጦታ ሐውልት እንዳንልክ ነው ልመናዬ።

የጆሮ ነገር

አሁን ትንሽ ሐኪም እንድሆን ፍቀዱልኝ። በእያንዳንዱ ጆሯችን ውስጥ ወደ 15 ሺሕ የሚሆኑ ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው የመስሚያ ሕዋሶች አሉ። ሲሞቱ አይተኩም። ቆዳ ይተካል፣ አጥንት ይጠግናል፣ እነዚህ ግን ከሄዱ ሄዱ።

በሥራ ቦታ ለጆሮ ደኅንነት የሚሠራበት አንድ ስሌት አለ፦ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት። ከዚያ በላይ ሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ አንድ ሰዓት፣ 100 ላይ ሩብ ሰዓት ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ የሙዚቃ ዝግጅት ቦታዎች በአማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፉ መክሯል።

ታዲያ ቲዩብ አምፕ ይህን ምን አገናኘው? ቲዩብ ያ የሚወደደው ድምፁ የሚወጣው ሲገፋ ነው። የጊታር ስፒከር በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት፣ እስከ 100 ዴሲቤል ይሰጣል። 100 ዋት ስትገፉበት 120 ይደርሳል። «እንግዲያው ትንሽ እንግዛ፣ አምስት ዋት ይበቃል» ትሉ ይሆናል። ተሳስተናል! አምስት ዋት 107 ዴሲቤል ነው። ዋቱ በሃያ እጥፍ ሲቀንስ ድምፁ በ13 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚወርደው። በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አምፑ አጠገብ ቁጭ ብሎ በሳምንት ሦስት ቀን ለሁለት ሰዓት የሚለማመድ የሃያ ዓመት ልጅ፣ በአርባ ዓመቱ ጆሮው የሚጮኽበት፣ በሰው መሐል ንግግር የማይለይ ሰው ሆኖ ክሊኒክ ይመጣል። ያኔ የምሰጠው መድኃኒት የለኝም።

ሞዴለር በሄድፎን ያን የተገፋ ድምፅ በዝቅታ ይሰጣል። ሄድፎንም ከተጮኸበት ጆሮ ያጠፋል፤ ግን ቢያንስ ቁልፉ በልጁ እጅ ነው። ዶርም ውስጥ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ጎረቤት ሳይቀሰቅሱ መለማመድም ቀላል ነገር አይደለም። የሕክምና ተማሪዎች በሌላ ሰዓት ጊዜ እንደሌላቸው የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ሲበላሽ ማን ይሠራዋል?

የቲዩብ ወገን ትልቁ መከራከሪያ ድምፅ ነው ብለው ያስባሉ። ለእኔ ግን ጠንካራው መከራከሪያቸው ጥገና ነው። በ1960ዎቹ የተሠሩ ቲዩብ አምፖች ዛሬም ይጫወታሉ። ውስጣቸው በዓይን ይታያል፤ እያንዳንዱ ዕቃ በካውያ ይነቀላል፣ ይተካል። ሞዴለር ግን እንደ ስልክ ነው፦ ዋናው ቦርድ ከሄደ ሄደ፤ ኩባንያው ማሻሻያ መላክ ካቆመም ቀስ በቀስ ያረጃል። ይህ እውነት ነው፤ ልንሸሸው አይገባም።

ሆኖም ቲዩብ ራሱ ያልቃል። ብዙ የሚሠራበት አምፕ የኃይል ቲዩቦቹን በአንድና በሁለት ዓመት መቀየር ሊያስፈልገው ይችላል። ዛሬ ለጊታር የሚሆኑ ቲዩቦች በብዛት የሚሠሩት በሦስት አገሮች ነው፤ በሩሲያ፣ በስሎቫኪያ፣ በቻይና። እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያው ምርት ለጊዜው ሲታገድ የዓለም ገበያ ተናግቶ ነበር። እዚህ ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሬ በገበያ ሆኗል፤ በዶላር የሚገዛ መለዋወጫ ለተማሪ ክበብ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ደግሞ የደኅንነት ነገር አለ። በቲዩብ አምፕ ውስጥ ያሉት ኮንዴንሰሮች ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዘው ይቆያሉ። በ450 ቮልት የተሞላ 100 ማይክሮፋራድ ኮንዴንሰር 10 ጁል ገደማ ይይዛል። ልብ ስታቆም የምንጠቀምበት መሣሪያ ለአዋቂ የሚለቀው እስከ 200 ጁል ገደማ ነው፤ እሱ ግን በሐኪም እጅ፣ ታስቦ የሚለቀቅ ነው። አሥሩ ጁል በማይሆን ጊዜ፣ ከአንድ እጅ ወደ ሌላው በደረት በኩል ቢያልፍ ልብ ሊያቆም ይችላል። ሶኬቱ ስለተነቀለ አደጋው አልተነቀለም። ስለዚህ «ልጆቹ ራሳቸው ከፍተው ይሠሩታል» የሚለውን ሐሳብ ያለ አስተማሪ አልቀበለውም። ከመምህር ጋር፣ መጀመሪያ ኮንዴንሰሩን በአግባቡ አራግፎ፣ በመለኪያ አረጋግጦ ከሆነ ግን ለኢንጂነሪንግ ተማሪ እንዲህ ያለ ጥሩ መማሪያ የለም።

ዓይን ታስሮ መስማት

ምርጫውን ለጆሯችን እንተወው የምትሉ ካላችሁ ተስማምቻለሁ፤ ግን በሥርዓቱ። በሕክምና አዲስ መድኃኒት ስንፈትን በሽተኛውም ሐኪሙም የትኛው እንደተሰጠ እንዳያውቁ እናደርጋለን። ሰው ውድ ነው የተባለው መድኃኒት ይሻለዋልና። አምፕም እንደዚሁ ነው። የሚያበሩ መስታወቶች ያየ ጆሮ «ሙቀት» ይሰማል።

ፈተናው ቀላል ነው። አንድ ተጫዋች ሁለቱን ከመጋረጃ ጀርባ ያጫውት፤ አድማጩ አሥር ጊዜ «ይህ ቲዩብ ነው፣ ይህ ዲጂታል ነው» ይበል። በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው ዘጠኝና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ከ1024 ውስጥ 11 ነው፤ አንድ በመቶ ገደማ። ዘጠኝ ያገኘ በእርግጥ ይለያል እንበል። አምስት ወይም ስድስት ያገኘ ክርክሩን ቢተው ይሻለዋል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ የሁለቱ ድምፅ ከፍታ እኩል ይሁን። በትንሹ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና።

«ዲጂታል ይዘገያል» የሚልም አለ። ጥሩ ሞዴለር የሚዘገየው በጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ከቲዩብ አምፑ ሁለት ሜትር ርቆ የቆመ ተጫዋችም ስድስት ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ነው የሚሰማው፤ እስከ ዛሬ ማንም አላማረረም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ቤቴ ውስጥ ለራሴ ብገዛ፣ ጠጋኝ በቅርብ ኖሮ፣ መብራቱ ቀጥ ያለ ቢሆን፣ ትንሽ ቲዩብ አምፕ እመርጥ ነበር። ቁልፉ ጥቂት ነው፤ ጣትን ያስተምራል። ሞዴለር ላይ ልጆች መቶ ድምፅ ሲያገላብጡ ልምምዱን ይረሱታል፤ ይህን ዐውቃለሁ። ግን ገንዘቡ የእኔ አይደለም፣ ቤቱም የእኔ ቤት አይደለም። ዕቃው በየዓመቱ በሚለዋወጡ ልጆች እጅ፣ በወጣ ገባ መብራት፣ ከግቢ ግቢ እየተጫነ ነው የሚኖረው። ለዚያ ኑሮ የምመክረው ሞዴለር ነው።

ስንገዛ ደግሞ እንዲህ ብናደርግ እላለሁ። አንደኛ፣ ውዱን ሳይሆን መካከለኛውን እንግዛ፤ በሚተርፈው ባለ 12 ኢንች የራሱ ኃይል ያለው ስፒከር፣ ስታቢላይዘርና ጥሩ ገመዶች ይገዙ። ሁለተኛ፣ ለሁለትና ለሦስት ዓመት የሚበቃ የጊታር ክር አብሮ ይላክ። የክበቡን ልጆች ሄጄ ስጠይቃቸው መጀመሪያ የነገሩኝ ስለ ክር ነው፤ የተቆረጠ ክር ቋጥረው የሚጫወቱ አሉ። ስለ አምፕ የተከራከርነው እኛ ነን እንጂ እነሱ አይደሉም። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ አባል የጆሮ መሰኪያ፤ እሱን እኔ እችላለሁ። አራተኛ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ሦስት ድምፅ ብቻ ይሠራበት፦ ጥርት ያለ፣ ትንሽ የሻከረ፣ ባለ ዋዋ። አምስተኛ፣ ዕቃው በአንድ መምህር ስም ይመዝገብ፤ ከሰበሰብነውም ላይ ጥቂት ለጥገና ይቀመጥ። ጌታ የሌለው ዕቃ ዕድሜ የለውም።

ለቲዩብ ወገኖችም መልእክት አለኝ። ከእናንተ መሐል ቤቱ ውስጥ አቧራ የጠጣ ቲዩብ አምፕ ያለው ሰው ካለ፣ 220 ቮልት መሥራቱን አረጋግጦ ወይም ትራንስፎርመሩን አክሎ፣ ከአንድ ሙሉ መለዋወጫ ቲዩብ ጋር ለኢንጂነሪንግ ወርክሾፑ ይስጥ። መምህሮቻችን ፈቃዳቸው ከሆነ ተማሪዎቹ ይፍቱት፣ ይለኩት፣ ይጠግኑት። ማን ያውቃል፣ ከዚያ ክፍል በጣና ዳር የመጀመሪያዋን ቲዩብ አምፕ የምትሠራ ልጅ ትወጣ ይሆናል። ያኔ ይህ ንግግሬ ያረጃል፤ ደስ ይለኛል።

ለኮሚቴው ገንዘብ ያልከፈላችሁ ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት ብትከፍሉ መልካም ነው፤ ሣጥኑ በሩ አጠገብ ነው። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ባለው ዕቃ ይጫወቱልናል። ክራቸውን እያያችሁ አዳምጡ።

እግዚአብሔር ማኅበራችንን ያጽናልን፤ በሚመጣው ዓመት በጤና ያገናኘን።